ከመርዝ ወደ ቅርጽ፤ የሕፃናት ከረሜላ ደኅንነት ታሪክ

ከረሜላ ከሌላው ምግብ በአንድ ነገር ይለያል። ሌላውን ምግብ ገዝቶ፣ መርምሮና አዘጋጅቶ ለልጅ የሚያቀርበው አዋቂ ነው፤ ከረሜላን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠውም፣ የሚገዛውም፣ የሚበላውም ሕፃኑ ራሱ ነው። ሕፃን ደግሞ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። በመሆኑም ከረሜላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ሲደክሙ የኖሩት ዓይንን ለመማረክ ነው፤ ቀለሙን ያደምቃሉ፣ ቅርጹን ይለዋውጣሉ፣ በውስጡ መጫወቻ ይደብቃሉ፣ አበላሉን ራሱን ጨዋታ ያደርጉታል። ይህ የብልኀት ታሪክ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ታሪክ አብሮት ይሄዳል፤ ይኸውም የአደጋ ታሪክ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ያንን ሁለተኛውን ታሪክ ነው። በመጀመሪያ አደጋው የነበረው ከረሜላው በተሠራበት ነገር፣ ማለትም በመርዛማ ቀለምና በባዕድ ዱቄት ውስጥ ሲሆን፣ ዘብ የሚቆመውም ኬሚስቱ ነበር። ውሎ አድሮ ግን አደጋው ወደ ከረሜላው ቅርጽ፣ መጠንና ማሸጊያ ተዛወረ። ይህ ዓይነቱ አደጋ በኬሚስት ብልቃጥ ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው በመሐንዲስ የንድፍ ወረቀት ላይ ነው። ሕግ አውጪዎች ግን ይህን ለውጥ ለመገንዘብ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ ለመዘግየታቸውም ዋጋ የከፈሉት ሕፃናት ናቸው።

የብራድፎርድ ከረሜላ

እ.ኤ.አ. በ1820 ለንደን ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ አኩም ስለ ምግብ መበረዝ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሕፃናት ጣፋጮች ከእርሳስና ከመዳብ በተሠሩ መርዛማ ቀለሞች እንደሚደምቁ አጋለጠ። በ1850ዎቹም ሐኪሙ አርተር ሂል ሐሰል ከየሱቁ የተገዙ ምግቦችንና ጣፋጮችን በማይክሮስኮፕና በኬሚካል መርምሮ ውጤቱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። ቢጫው የእርሳስ ክሮሜት፣ ቀዩ የእርሳስ ወይም የሜርኩሪ ውሁድ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፎቹ ብዙ ቢያነጋግሩም ንግዱ እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

ሁኔታውን የለወጠው በእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ የደረሰው እልቂት ነው። በዚያን ዘመን ስኳር ውድ ስለ ነበረ ከረሜላ ሠሪዎች ከፊሉን በጄሶ ይተኩት ነበር። በንግዱ ቋንቋ ይህ ማበርከቻ «ዳፍ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1858 ጆሴፍ ኒል የተባለው ከረሜላ ሠሪ 12 ፓውንድ ዳፍ እንዲገዛለት ወደ መድኃኒት ነጋዴው ቻርልስ ሆጅሰን ሰው ላከ። ነጋዴው በሕመም ላይ ስለ ነበር ዕቃውን የሰጠው ለሥራው አዲስ የሆነ ረዳቱ ነው። ረዳቱም ከአንድ በርሜል ነጭ ዱቄት መዝኖ ሰጠ። ዱቄቱ ግን ጄሶ ሳይሆን አርሴኒክ ነበር።

ከ40 ፓውንድ ስኳር፣ ከ12 ፓውንድ አርሴኒክ፣ ከሙጫና ከናና ዘይት ከረሜላው ተሠራ። የሠራው ሰው ወዲያው ታመመ፤ ነገር ግን ሕመሙ ከዱቄቱ የመጣ መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም። በገበያ ላይ የሚቸረችረው ዊልያም ሃርዴከር የከረሜላው መልክ ከወትሮው የተለየ መሆኑን አስተውሎ ነበር፤ ሆኖም ጥርጣሬውን ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀመበት እንጂ ግዢውን አልተወም። ቅዳሜ ማታ፣ ጥቅምት 30 ቀን፣ 5 ፓውንድ ያህል ሸጠ። በማግስቱ ሕፃናት ሞቱ፤ መጀመሪያም ኮሌራ ነው ተባለ። ጥፋቱ ተጣርቶ ሲያልቅ 20 ያህል ሰዎች ሞተው ከ200 በላይ ታመው ተገኙ። ምርመራው እንዳሳየው በአንዲት ከረሜላ ውስጥ የነበረው መርዝ ሁለት ሰው ለመግደል ይበቃ ነበር።

ሦስት ሰዎች በግድያ ወንጀል ቢከሰሱም የተፈረደበት አልተገኘም። ጄሶን ከከረሜላ ጋር መደባለቅ የሚከለክል ሕግ አልነበረምና፣ ጥፋቱ የአንድ በርሜል መሳሳት ብቻ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1851 የወጣው የአርሴኒክ ሕግ በችርቻሮ የሚሸጥ አርሴኒክ በጥላሸት ወይም በኢንዲጎ ቀለም ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ በብራድፎርድ ነጭ እንደ ሆነ ከሌላው ነጭ ዱቄት ጎን ተቀምጦ ነበር። ከዚህ እልቂት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1860 የምግብና የመጠጥ መበረዝን የሚከለክለው ሕግ፣ በ1868 ደግሞ የመድኃኒት ንግድ ሕግ ወጡ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ሕጉ የመጣው ሕፃናቱ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ይህም ቅደም ተከተል ወደ ፊት ደጋግሞ የሚታይ ነው።

የኬሚስቱ ዘመን

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1906 የጸደቀው የምግብና የመድኃኒት ሕግ ለከረሜላ የተለየ አንቀጽ ሰጠው። ነጭ የሸክላ ዱቄት፣ ባሪታ፣ ታልክ፣ ቢጫ ክሮም ወይም ሌላ ማዕድን፣ መርዛማ ቀለምም ሆነ ቅመም የተጨመረበት ከረሜላ እንደ ተበረዘ ይቆጠራል ተባለ። አንቀጹ በስም እየጠራ የከለከላቸው ነገሮች የአኩምና የሐሰል ጽሑፎች ያጋለጡት ዓይነት ናቸው። ዘመኑ የኬሚስቱ ድል ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

ድሉ ግን ፍጹም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ የሃሎዊን በዓል ሰሞን በተፈቀደ ብርቱካናማ ቀለም ከመጠን በላይ የተቀለመ ከረሜላ የበሉ ብዙ ሕፃናት ታመሙ። ቀለሙ ሕጋዊ ነበር፤ ያልታሰበበት ግን አንድ ሕፃን በአንድ ሌሊት ስንት ከረሜላ እንደሚበላ ነው። ይህና ተመሳሳይ ጉዳዮች ተጨምረው እ.ኤ.አ. በ1960 የቀለም ጭማሪዎች ሕግ እንዲሻሻል ምክንያት ሆኑ።

የኬሚስቱ ሥራ ዛሬም አላበቃም። ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ በሚገቡ በርበሬና የሁመር ፍሬ ያለባቸው ከረሜላዎች ውስጥ እርሳስ ተገኝቶ ነበር። ምንጩ ባብዛኛው ስኳሩ አልነበረም። ሳይታጠብ የተፈጨ በርበሬ፣ በእርሳስ የተለበጠ የሸክላ ዕቃ፣ አንዳንዴም የመጠቅለያው ቀለም ነበር። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ በመሆኑ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 ያስቀመጠውን በሚሊዮን 0.5 ክፍል ወሰን በ2006 ወደ 0.1 ዝቅ አደረገው። እዚህ ላይ መርዙ ከከረሜላው ይልቅ ከሸክላ ዕቃውና ከመጠቅለያው መምጣቱ ልብ ሊባል ይገባል።

በከረሜላ ውስጥ የተደበቀው መጫወቻ

እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ ስለ ከረሜላ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ምግብነት የሌለው ነገር በውስጡ የተከተተበት ከረሜላ እንደ ተበረዘ ይቆጠር ዘንድ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1966 በተሻሻለው አነጋገር መሠረት፣ ባዕዱ ነገር ለከረሜላው አገልግሎት የሚሰጥና ጉዳት የሌለው ከሆነ ብቻ ይፈቀዳል። ከረሜላ የሚያዝበት እንጨት ያለፈው በዚህ በር ነው። ድንጋጌው መርዝን አልጠቀሰም። የጠቀሰው አንድን አቀማመጥ ነው፤ የሚበላ ነገር ውጭ፣ የማይበላ ነገር ውስጥ። ስለ ከረሜላ በወጡ ሕጎች ውስጥ ቅርጽን ቀድሞ ያየ አንቀጽ ይህ ነው ለማለት ያስደፍራል።

የአንቀጹ ክብደት የተፈተነው ቆይቶ ነው። የኢጣልያው ፌሬሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ኪንደር ሰርፕራይዝ የተባለውን የቸኮላታ እንቁላል አወጣ። ቸኮላታው ሲሰበር የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ብልቃጡ ሲከፈት ተገጣጣሚ መጫወቻ ይገኝበታል። በአውሮፓ ሕፃናት ዘንድ እጅግ ተወደደ፤ በአሜሪካ ግን በ1938ቱ ሕግ ምክንያት እንዳይሸጥ ተከለከለ። ኔስሌ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመሳሳይ አሠራር ያለው የቸኮላታ ኳስ በአሜሪካ ለገበያ አቅርቦ፣ ተቃውሞ ስለ በረታበት በዚያው ዓመት ከገበያ አነሣው።

የአውሮፓ መንገድ ሌላ ነበር። እንቁላሉን ከመከልከል ይልቅ ክፍሎቹን መለካት መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የመጫወቻ ደኅንነት መመሪያ በምግብ ውስጥ ያለ መጫወቻ የራሱ ማሸጊያ እንዲኖረው፣ ማሸጊያውም ራሱ ጉሮሮን የማይዘጋ እንዲሆን አዘዘ። ከምግቡ ጋር ተጣብቆ ምግቡ ካልተበላ የማይገኝ መጫወቻን ደግሞ ጨርሶ ከለከለ። ፌሬሮ በበኩሉ ለአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ያቀረበው ሌላ ዓይነት እንቁላል ነው። ይህኛው ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ በአንደኛው ግማሽ ክሬሙ፣ በሌላኛው መጫወቻው ለየብቻ ታሽገው ተቀምጠዋል። አንዲት የአቀማመጥ ለውጥ የብዙ ዓመት ክልከላን በሕጋዊ መንገድ አሳለፈች። ንድፍ ምን ያህል እንደሚወስን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሲሊንደሩና ኳሱ

የመጫወቻን አደገኛነት በቁጥር ለመግለጽ የተደረገው ሙከራ ለመሐንዲስ ልዩ ትርጉም አለው። ከጥር 1 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሠራ መጫወቻ በአንድ ቀላል መለኪያ ይፈተናል። መለኪያው ውስጣዊ ዲያሜትሩ 31.7 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር ነው፤ ወለሉ ሰያፍ ስለ ሆነ ጥልቀቱ በአንድ ወገን 25.4፣ በሌላው ወገን 57.1 ሚሊሜትር ይሆናል። መጠኑ የሕፃን ጉሮሮ አምሳያ ነው። ሳይጫኑት በሙሉ የሚገባበት ዕቃ ለዚያ ዕድሜ አይፈቀድም። መለኪያው ማናቸውም የብረታ ብረት ወርክሾፕ በቶርኖ ሊያወጣው የሚችል ሲሆን፣ ለመጠቀምም ልዩ ትምህርት አይጠይቅም።

ብዙም ሳይቆይ የሲሊንደሩ ጉድለት ታየ። ሲሊንደሩን ያለፉ፣ ማለትም ከ31.7 ሚሊሜትር የሚበልጡ ኳሶች ሕፃናትን አንቀው ገደሉ። ምክንያቱ የኳስ ቅርጽ ነው። ማዕዘን ያለው ነገር ጉሮሮ ውስጥ ቢቀረቀር በዳርና ዳሩ ጥቂት አየር ያሳልፋል። ኳስ ግን ዙሪያውን እኩል ገጥሞ እንደ ክዳን ይደፍናል፤ ልሙጥ በመሆኑም በጣት አይያዝም። ሕፃኑ ለመተንፈስ በታገለ ቁጥር በታች በኩል የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ኳሱን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሌላ ሕግ ለእነዚሁ ሕፃናት የሚሠራ ኳስ ዲያሜትሩ ከ44.4 ሚሊሜትር እንዲበልጥ ተወሰነ።

እነዚህ ሁለት መለኪያዎች የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ለማትረፍ የታሰቡ ናቸው። አንድ ነገር ግን ከእነርሱ ውጭ ቀርቷል። የተጻፉት ለመጫወቻ ነው፤ ከረሜላ ደግሞ ምግብ ነው። በመሆኑም ያው ልሙጥ ኳስ ከፕላስቲክ ሲሠራ ይለካል፤ ከስኳር ወይም ከማስቲካ ሲሠራ አይለካም። የሕፃኑ ጉሮሮ ግን ይህን የመሥሪያ ቤቶች የሥራ ክፍፍል አያውቅም።

የተፈራውና ያልተፈራው

ሕዝብ የሚፈራው ነገርና በእርግጥ የሚገድለው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የጄኔራል ፉድስ ኩባንያ ኬሚስት ዊልያም ሚቸል አፍ ውስጥ ሲገባ እየተንጣጣ የሚፈነዳ ከረሜላ ፈልስፎ፣ የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመዘገበ። አሠራሩ የቀለጠውን ስኳር በ40 ከባቢ አየር ገደማ ግፊት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ማዋሐድና ማቀዝቀዝ ነው፤ ጋዙ በጥቃቅን አረፋዎች ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖፕ ሮክስ ተብሎ ለገበያ ሲቀርብ፣ ከለስላሳ መጠጥ ጋር የወሰደው ሕፃን ሆዱ ፈንድቶ ሞተ የሚል ወሬ በመላው አሜሪካ ተሰማ። ወሬው ሐሰት ነበር። በአንድ ፓኮ ውስጥ ያለው ጋዝ ከጥቂት ግሳት የሚያልፍ አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1979 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለወላጆች ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት የስልክ መስመር በሲያትል ከተማ እስከ መክፈት ደረሰ፤ ኩባንያውም በጋዜጣ ማስተባበያ አወጣ።

የሚፈነዳው ከረሜላ ያስፈራው ድምፅ ስላለው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ድምፅ የሌለው፣ ለስላሳና ለጤና ተስማሚ የሚመስል ነበር።

የጄሊው ኩባያ

ኮንጃክ በምሥራቅ እስያ የሚበቅል ተክል ነው። እንደ እንሰት አሚቾ ከመሬት በታች የሚወፍር ሥር አለው። ከሥሩ የሚወጣው ግሉኮማናን የተባለ ንጥረ ነገር ብዙ ውሃ መጥጦ ጠንካራ ጄሊ ይሆናል። ጃፓኖች ለብዙ መቶ ዓመታት እየቆራረጡ ከሌላ ምግብ ጋር ቀቅለው ሲበሉት ኖረዋል። በ1990ዎቹ ግን አዲስ ጣፋጭ ሆኖ ቀረበ። የፍራፍሬ ጣዕም ያለው የኮንጃክ ጄሊ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ይታሸጋል፤ ክዳኑ ተልጦ ኩባያው ሲጨመቅ ጄሊው ባንዴ ተፈናጥሮ አፍ ውስጥ ይገባል። ለሕፃን ይህ ጨዋታ ነው።

አደጋው በሦስት ነገሮች መገጣጠም የመጣ ነው። አንደኛ፣ ጄሊው እንደ ተራ የጄላቲን ጄሊ በአፍ ሙቀት አይቀልጥም፤ በምራቅም አይሟሟም። ሁለተኛ፣ ኩባያው የሰጠው ድቡልቡል ቅርጽና መጠን ከጉሮሮ ጋር ይገጥማል፤ እንደ ጎማ ስለሚታጠፍም ካለው ክፍተት ጋር ራሱን አመቻችቶ ይደፍናል። ሦስተኛ፣ ተጨምቆ ወይም ተመጥጦ ሲወጣ ሳይታኘክ በፍጥነት ወደ ኋላ ይወረወራል። ሕፃኑ በሚመጥበት ቅጽበት አየርም ወደ ውስጥ ስለሚስብ የአየር ቧንቧው ክፍት ነው። በጃፓን ብቻ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ከ20 ያላነሱ ሰዎች፣ ባብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን፣ በዚሁ ታንቀው ሞተዋል። በሌሎች አገሮችም፣ አሜሪካ ጭምር፣ ሕፃናት ሞተውበታል።

እዚህ ላይ የመንግሥታቱ አካሄድ በቅደም ተከተል መታየት አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ አገር እንዳይገባ ማስጠንቀቂያ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2002 እ.ኤ.አ. ኮንጃክን በጄሊ ጣፋጮች ውስጥ መጠቀምን አገደ። እገዳው የተነጣጠረው በንጥረ ነገሩ ላይ ነበር። ሠሪዎቹም ኮንጃኩን አስወጥተው ከባሕር አረምና ከልዩ ልዩ ሙጫዎች በሚገኙ ማርጊያዎች ተኩት። ኩባያው፣ መጠኑና አበላሉ ግን እንዳለ ቀረ፤ አደጋውም አብሮ ቀረ። ኅብረቱ በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ውሳኔ ለማውጣት ተገደደ። በዚህ ጊዜ ግን የተከለከለውን ዕቃ ሲተረጉም ቅርጹንና አጠቃቀሙንም ገለጸ፤ ጠንከር ያለ፣ በትንሽ ኩባያ የታሸገ፣ ኩባያው ተጨምቆ ባንድ ጉርሻ ወደ አፍ እንዲገባ የታሰበ ጄሊ ብሎ ጻፈው።

ከመርዝ ወደ ቅርጽ የተደረገው ሽግግር በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ በግልጽ ይነበባል። የመጀመሪያው ውሳኔ የ1906ቱን ሕግ ዘዴ ተከትሎ ነገሩን በስም ጠራ፤ ስሙ ተለወጠና ከሸፈ። ሁለተኛው ግን መሐንዲስ እንደሚያደርገው አሠራሩን ገለጸ። ጃፓን በበኩሏ እንዲህ ያለውን ዕቃ በግልጽ የሚመለከት ሕግና ባለቤት የሆነ መሥሪያ ቤት አልነበራትም። የአንድ ሕፃን ሞት እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ለተመሠረተው የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጄሊ ሆኗል።

የምትሽከረከረው ኳስ

ታሪኩ ገና አላለቀም። በቅርቡ የተስፋፋ አንድ ጣፋጭ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ከረሜላ ሲሆን፣ በአፉ ላይ ለብብት እንደሚቀባው ሽቶ የምትሽከረከር ኳስ አለች። ሕፃኑ ኳሷን ሲልሳት ፈሳሹ ይወጣል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የ7 ዓመት ልጅ ኳሷ ከማቀፊያዋ ወጥታ ጉሮሮዋን ዘግታባት ሞተች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ምርቶች ከገበያ እንዲሰበሰቡ አስታወቀ። ከእነዚህ መካከል የአንዱ ምርት ብቻ ብዛት 70 ሚሊዮን ያህል ነበር።

በዚህ ጉዳይ ፈሳሹ ቢመረመር ምንም አይገኝበትም። ጥፋቱ ያለው ኳሷን በያዘው የፕላስቲክ ከንፈር ውስጥ ነው። ከንፈሩ ስንት ሚሊሜትር ኳሷን አቅፏል? በጥርስ ሲነከስ፣ ብልቃጡ ሲጨመቅ፣ ሲወድቅ ስንት ኒውተን ይቋቋማል? እነዚህ ተራ የንድፍ ጥያቄዎች ናቸው። ኮሚሽኑ ጣልቃ ሊገባ የቻለውም ኳሷ የማሸጊያው አካል እንጂ ምግብ ባለመሆኗ ነው። ከስኳር የተሠራች ብትሆን ኖሮ ጉዳዩ የሌላ መሥሪያ ቤት በሆነ ነበር።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ከብራድፎርድ በርሜል እስከ ተሽከርካሪዋ ኳስ ያለው ታሪክ አንድ ጠባይ አለው። ሕጉ ያለፈውን አደጋ በስሙ ይከለክላል፤ አዲሱ ከረሜላ ደግሞ አዲስ በመሆኑ ብቻ ከስሙ ዝርዝር ውጭ ነው። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ ሕፃኑን የሚጠብቀው ሕጉ ሳይሆን ዕቃውን የነደፈው ሰው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

በሀገራችን ከረሜላ በየሱቁና በሱቅ በደረቴ ይሸጣል፤ ሕፃናትም በራሳቸው ሳንቲም ይገዙታል። ከውጭ የሚገባውም ሆነ እዚሁ የሚመረተው ሲፈተሽ የስኳሩን፣ የቀለሙንና የጊዜ ገደቡን ጉዳይ መመርመር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። በምርመራው ጠረጴዛ ላይ ከኬሚካሉ ብልቃጥ ጎን 31.7 ሚሊሜትሩ ሲሊንደርና የ44.4 ሚሊሜትሩ መለኪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የማሸጊያ ቅርጽ የሚያወጣ፣ የከረሜላ ማሽን የሚተክል፣ ደረጃ በሚያዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ መሐንዲስም አራት ጥያቄዎችን ከወዲሁ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ነገር በአፍ ውስጥ ይሟሟል? ቅርጹ ጉሮሮን ይደፍናል? ወደ አፍ የሚገባው በምን ፍጥነት ነው? ከእርሱ ሊላቀቅ የሚችል ክፍል አለ? የጄሊው ኩባያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እነዚህ ጥያቄዎች በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ፣ መልሱን ለማግኘት ማይክሮስኮፕም ሆነ የሬሳ ምርመራ ባላስፈለገ ነበር።